ወንድነት በሸክላ ሲሸጥ

ሂፕ ሆፕ ስለ ወንድና ስለ ሴት የተናገረው፥ ሴቶችም የመለሱለት

ወጣት ሰው ወንድነትን ከማን ይማራል? ከአባቱ፥ ከጎረቤቱ፥ ከትምህርት ቤቱና ከጓደኞቹ ብንል አልተሳሳትንም። ነገር ግን ዘፈንም አንድ ትልቅ አስተማሪ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ዘፈን ያለ ዱላና ያለ ቁጣ የሚያስተምር፥ ተማሪውም መማሩን ሳያውቅ ትምህርቱን በቃሉ የሚያጠናበት ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ ወጣቶች ማታ ማታ የሚያደምጡት ሙዚቃ ስለ ወንድነት ምን እንደሚል መመርመር ለጨዋታ ያህል ብቻ አይደለም።

ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ከአሜሪካ ጥቁሮች ሠፈር እንደ ተነሣው እንደ ሂፕ ሆፕ ስለ ወንድነት አብዝቶ የተናገረ፥ በዚሁም ምክንያት አብዝቶ የተወቀሰ ሙዚቃ ጥቂት ነው። ሂፕ ሆፕ የአራት ነገሮች ስብስብ ነው፤ ይኸውም ሸክላ እያፈራረቁ ማጫወት፥ በሙዚቃው ምት ላይ ግጥም መደርደር፥ በመሬት ላይ እየተሽከረከሩ መደነስና በግድግዳ ላይ በቀለም መጻፍ ናቸው። ግጥም መደርደሩ ራፕ፥ ገጣሚውም ራፐር ይባላል።

ፉከራንና ቀረርቶን ላደመጠ ለእኛ አገር ሰው የራፕ ጠባይ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ራፐሩም እንደ ፎካሪው በሰው ፊት ቆሞ ስሙን ይጠራል፤ ሠፈሩን ያወድሳል፤ ባላንጣውን ያዋርዳል። ሆኖም አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ፎካሪው የሚፎክረው በዘመቻ አብረውት በዋሉ ሰዎች ፊት ስለ ነበረ፥ ያልሠራውን ሠራሁ ቢል መሳቂያ ይሆናል። የራፐሩ ፉከራ ግን በሸክላ ተቀርጾ፥ ሠፈሩን አይቶ ለማያውቅ ሰው ባሕር ተሻግሮ ይሸጣል። ፉከራ ሸቀጥ በሆነ ጊዜ ምን እንደሚደርስበት፥ ዋጋውንም ማን እንደሚከፍል የሂፕ ሆፕ ታሪክ ያሳየናል። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኅት ያዘጋጀችው ግብዣ

ብሮንክስ የኒው ዮርክ ከተማ አንዱ ክፍል ነው። ከ1948 እስከ 1972 ባለው ጊዜ ክሮስ ብሮንክስ የተባለው ሰፊ የመኪና መንገድ በመካከሉ ሲቀደድ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ ተነሣ። ፋብሪካዎች ተዘጉ፤ አቅም ያለው ሰው ሠፈሩን ለቆ ሄደ፤ በ1970ዎቹ ዓመታትም የቤት ቃጠሎ የየዕለቱ ወሬ ሆነ። በዚህ ፍርስራሽ መካከል ያደገው ወጣት በየመንደሩ የወሮበላ ቡድን እያቋቋመ ድንበር ይጠብቅ ጀመር። የቡድኑን ስም በጀርባው የጻፈበትን ጃኬት ለብሶ ወደ ሌላው መንደር መሻገር ሕይወትን ሊያስከፍል ይችል ነበር። በዚያ ዘመን በዚያ ሠፈር ወንድ ማለት ድንበሩን የማያስደፍር ማለት ነበር።

በዲሴምበር 1971 ጌቶ ብራዘርስ የተባለው ቡድን ለማስታረቅ የላከው የሰላም መልእክተኛ ተደብድቦ ተገደለ። ሁሉም ሰው የደም መመለስ ሲጠብቅ የቡድኑ መሪዎች ላለመበቀል ወሰኑ። በዚያው ወር በ8ኛው ቀን የልዩ ልዩ ቡድኖች አለቆች በሆ ጎዳና በሚገኘው የወጣት ወንዶች ክበብ ተሰብስበው ዕርቅ አደረጉ። ዕርቁ ፍጹም ሰላም ባያመጣም፥ ጠብን በሌላ ነገር የመለወጥ ሐሳብ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሥር ያዘ።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ኦገስት 11 ቀን 1973 በሴጅዊክ ጎዳና ቁጥር 1520 በሆነው መኖሪያ ሕንፃ አንድ ግብዣ ተደረገ። ግብዣውን ያሰበችውና ያዘጋጀችው ሲንዲ ካምቤል የተባለች ወጣት ነበረች። ምክንያቷም ትምህርት ቤት ሊከፈት ስለ ተቃረበ የልብስ መግዣ ገንዘብ ለማግኘት ነው። የሕንፃውን መዝናኛ ክፍል ተከራየች፤ የመጥሪያ ወረቀቱም በእጅ ተጻፈ። መግቢያው ለሴቶች 25 ሳንቲም፥ ለወንዶች 50 ሳንቲም ሆነ። ሸክላ የሚያጫውተው ከጃማይካ ከኪንግስተን የመጣው የ18 ዓመቱ ወንድሟ ክላይቭ ነበር፤ ዓለም ዛሬ ዲጄ ኩል ሄርክ በሚለው ስም ያውቀዋል። እርሱም ጨፋሪው ከሁሉ ይበልጥ የሚወደው ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻ የሚመታበትን ክፍል መሆኑን አስተውሎ ነበርና፥ በሁለት ማጫወቻ ላይ አንድ ዓይነት ሸክላ አስቀምጦ ያንን አጭር ክፍል ደጋግሞ ማስረዘም ዘዴው ሆነ። ሂፕ ሆፕ የሚባለው ሁሉ የተሠራው በዚህ ዘዴ ላይ ነው።

እንግዲህ ወንድሙ ሸክላውን አጫወተ፤ እኅቲቱ ግብዣውን አቆመች። ታሪክ ግን «የሂፕ ሆፕ አባት» የሚለውን ማዕረግ ለወንድሙ ሰጥቶ የእኅቲቱን ስም ለብዙ ጊዜ በኅዳግ ላይ ጽፎት ቆየ። የሚከተለው ዘመን ጠባይ ከዚህ ይጀምራል።

ከመጀመሪያው የነበሩ ሴቶች

ብዙ ሰው ራፕ የወንድ ሥራ ሆኖ ተወልዶ ሴቶች በኋላ የገቡበት ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ፈንኪ ፎር ፕላስ ዋን የተባለው የብሮንክስ ቡድን በስሙ «አራቱና አንዷ» እንደ ማለት ነው፤ አንዷ ሻ ሮክ የምትባል ልጃገረድ ነበረች። ቡድኑ በፌብሩዋሪ 1981 ሳተርደይ ናይት ላይቭ በተባለው የቴሌቪዥን ፕሮግራም ቀርቦ ሲጫወት፥ የአሜሪካ ሕዝብ በመላ አገሪቱ በሚተላለፍ ቴሌቪዥን የሂፕ ሆፕ ቡድን ሲያይ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር።

ራፕን ወደ ገበያ ያወጣችውም ሴት ናት። ሲልቪያ ሮቢንሰን የሹገር ሂል ሸክላ ኩባንያ መሥራች ስትሆን፥ በ1979 «ራፐርስ ዲላይት» የተባለውን ዘፈን አስቀርጻ ራፕ በሸክላ ሊሸጥ እንደሚችል ለነጋዴው ሁሉ አሳየች። በ1982 ደግሞ የድኻውን ሠፈር ኑሮ የሚገልጸውን «ዘ ሜሴጅ» አወጣች።

በ1984 የተደረገው ግን ከሁሉ ይልቅ ያስደንቃል። ዩ ቲ ኤፍ ኦ የተባሉ ወንዶች፥ ሮክሳን የምትባል ቆንጆ እንቢ ብላ እንዳኮራችባቸው የሚያማርሩበትን ዘፈን አወጡ። በኩዊንስብሪጅ የመንግሥት ቤቶች ትኖር የነበረች የ14 ዓመት ልጅ ይህን ሰምታ፥ «ሮክሳን እኔ ነኝ» በማለት ዓይነት ወንዶቹን አንድ በአንድ የምታዋርድበትን መልስ አስቀረጸች። ሮክሳን ሻንቴ የሚለው ስም ከዚያ በኋላ ገነነ። ሸክላው በራዲዮ ሲሰማ ሌሎችም መልስ ለመልስ ማውጣት ጀመሩ፤ ክርክሩም «የሮክሳን ጦርነት» ተባለ። ለወንዶች መፎከሪያ ሆና የተፈጠረች ስም የለሽ ቆንጆ አፍ አውጥታ ስትናገር ማለት ይህ ነው።

ጠንካራ መምሰል

ታዲያ ከዚህ የጨዋታ ፉክክር ወደ ጠመንጃና ወደ ስድብ እንዴት ተደረሰ? ነገሩ በሁለት ደረጃ የሆነ ነው። የመጀመሪያው ከመንገድ፥ ሁለተኛው ከገበያ የመጣ ነው።

በ1980ዎቹ እኩሌታ ክራክ የተባለ ርካሽ ኮኬይን በከተሞቹ ተሠራጨ። ከእርሱ ጋር ጠመንጃ መጣ፤ ከጠመንጃው ጋር ጅምላ እስራት ተከተለ። ሥራና ሀብት በሌለበት ሠፈር ወጣቱ ያለው ንብረት ክብሩ ብቻ ነው፤ ክብሩንም የሚጠብቀው ፊቱን አጥቁሮ፥ እንባውን ደብቆ፥ ማንንም የማይፈራ መስሎ በመታየት ነው። ሪቻርድ ሜጀርስና ጃኔት ቢልሰን የተባሉ ሁለት ምሁራን በ1992 ባወጡት መጽሐፍ ይህን ጠባይ «ኩል ፖዝ» ብለውታል። እነርሱ እንደሚያስረዱት ይህ ጭምብል ነው፤ ጥቁሩን ወንድ ከውርደት ይከላከልለታል፤ ነገር ግን ከሚስቱ፥ ከልጁና ከገዛ ራሱ ስሜት ያርቀዋል። ጋሻን ቤት ውስጥ ሳያወልቁ መኖር እንደ ማለት ነው።

በ1988 ከሎስ አንጀለስ አጠገብ ከምትገኘው ከኮምፕተን የተነሡት ኤን ደብልዩ ኤ የተባሉት ወጣቶች ይህን ጭምብል በሸክላ አወጡት። ፖሊስን የሚያወግዘው ዘፈናቸው የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ አንድ ሹም በ1989 ለኩባንያቸው የተቃውሞ ደብዳቤ እንዲጽፍ አደረገው። ፖሊስ ስለሚያደርስባቸው ግፍ የተናገሩት ብዙ እውነት ነበረበት። ሴትን በሚመለከተው ክፍል ግን ግፈኞቹ ራሳቸው ሆኑ፤ በዘፈኖቻቸው ሴት በስድብ ስም እንጂ በሰው ስም አትጠራም ነበር።

ቀጥሎ ገበያው ገባበት። እስከ 1991 ድረስ የትኛው ሸክላ ብዙ እንደ ተሸጠ የሚታወቀው ሱቆችን በስልክ በመጠየቅ ነበር፤ ሻጩም ያሻውን ይናገር ነበር። በዚያ ዓመት ቢልቦርድ የተባለው መጽሔት በዕቃው ላይ የታተመውን ባርኮድ እያነበበ ሽያጩን በሚቈጥር መሣሪያ መጠቀም ጀመረ። ወዲያውም ራፕ ከተገመተው እጅግ የበለጠ እንደሚሸጥ ታወቀ፤ በጁን 1991 የኤን ደብልዩ ኤ አልበም ከሁሉ በላይ የመጀመሪያውን ቦታ ያዘ። ገዢዎቹም የጥቁሮች ሠፈር ልጆች ብቻ ሳይሆኑ ኮምፕተንን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ የነጭ ወጣቶችም ነበሩ። ነጋዴው ከዚህ የተማረው ትምህርት አጭር ነው፤ ቁጡ ወንድ ገንዘብ ያመጣል። ለመንገድ የተሠራው ጭምብል የፋብሪካ ዕቃ ሆነ።

ቃልና ቡጢ

«ዘፈን ዘፈን ነው፤ ማንን ይጎዳል?» የሚል አይታጣም። ነገር ግን በጃንዋሪ 1991 የኤን ደብልዩ ኤው ዶክተር ድሬ ዲ ባርንስ የተባለችውን የቴሌቪዥን ፕሮግራም አቅራቢ በግብዣ ላይ ደበደባት። በፍርድ ቤት ክሱን ሳይከራከር ቀርቶ ተቀጣ፤ እርሱ ባለጸጋ ሲሆን የእርሷ ሥራ ግን ተሰናከለ። ስለ ቡድኑ ታሪክ የተሠራው ፊልም በ2015 ሲወጣ ይህ ነገር በፊልሙ አልተነሣም። ባርንስ በጽሑፍ አቤት ካለችና ወሬው ከተሰማ በኋላ፥ ድሬ ለኒው ዮርክ ታይምስ በሰጠው ቃል የበደላቸውን ሴቶች ይቅርታ ጠየቀ። በመካከሉ 24 ዓመት አልፎ ነበር።

ወንድነት በአንድ ሰው ልብ ውስጥ እንዴት ለሁለት እንደሚከፈል ለማየት ደግሞ የቱፓክ ሻኩርን ሕይወት መመልከት ይበቃል። እናቱ አፌኒ ሻኩር የብላክ ፓንተር ማኅበር አባል ነበረች፤ በ1971 በከባድ ክስ ተከሳ በፍርድ ቤት ራሷ ተከራክራ ነጻ የወጣችው ቱፓክን አርግዛ ሳለች ነው። ልጇ ስለ ድኻ ሴቶች ችግር እንደ እርሱ በርኅራኄ የዘፈነ ወንድ ራፐር ጥቂት ነው። ዳሩ ግን በዲሴምበር 1994 በአንዲት ሴት ላይ በፈጸመው የወሲብ በደል ፍርድ ቤት ጥፋተኛ አለው፤ እርሱ ግን አልፈጸምሁም ይል ነበር። በፌብሩዋሪ 1995 እስራት ተፈረደበት፤ በዚያው ወር እናቱን የሚያመሰግንበት «ዲር ማማ» የተባለው ዘፈን ወጣ። ይህ ዘፈን በ2010 በአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ እንዲጠበቁ ከተመረጡት ቅጂዎች መዝገብ ገባ። ባለዘፈኑ ግን በሴፕቴምበር 1996 በላስ ቬጋስ በጥይት ተመትቶ በ25 ዓመቱ ሞቷል። ባላንጣው ይባል የነበረው ኖቶሪየስ ቢ አይ ጂም ስድስት ወር ቆይቶ በማርች 1997 በሎስ አንጀለስ በ24 ዓመቱ ተገደለ። ሁለቱ እናቶች ልጆቻቸውን ቀበሩ፤ ሸክላው ግን መሸጡን አላቋረጠም።

ከትልልቆቹ ወገን ዝም ያላሉ ነበሩ። ከማርቲን ሉተር ኪንግ ጋር የታገለችው ሲ ዴሎሬስ ታከር ከ1993 ጀምሮ በስድብ ራፕ ላይ ዘመቻ አነሣች። የታይም ዋርነር ኩባንያን አክሲዮን ገዝታ በባለ አክሲዮኖች ጉባኤ ላይ ተነሥታ ተናገረች። ኩባንያውም ነቀፌታው ሲበዛበት በ1995 በኢንተርስኮፕ የነበረውን ድርሻ ሸጠ። ነገር ግን ኢንተርስኮፕ ሌላ ገዢ አግኝቶ ንግዱ ቀጠለ። ከላይ የሚመጣ ነቀፌታ የሸቀጡን ባለቤት ሊለውጥ ይችላል፤ የአድማጩን ጆሮ ግን አይለውጥም።

የስፔልማን ተማሪዎች ጥያቄ

ጆሮ የሚለወጠው ከውስጥ፥ ሙዚቃውን ከሚወዱት ዘንድ ነው። ክዊን ላቲፋ በ1993 «ዩኒቲ» በተባለው ዘፈኗ በመንገድ ላይ የሚሰድባትንና በቤት የሚመታትን ወንድ በግልጽ ተቃወመች፤ በ1995ም የግራሚ ሽልማት አገኘችበት። ሎሪን ሂል በ1998 ያወጣችው አልበም በ1999 የዓመቱ ምርጥ አልበም ተብሎ ግራሚ ሲሸለም፥ ለሂፕ ሆፕ ሥራ ይህ ክብር የመጀመሪያው ነበር።

ይሁን እንጂ ከሁሉ ይልቅ ተማሪ የሆነ አንባቢያችንን የሚመለከተው በ2004 በአትላንታ የሆነው ነው። ስፔልማን ኮሌጅ በ1881 የተመሠረተ የጥቁር ሴቶች ኮሌጅ ነው። ኔሊ የተባለው ራፐር እኅቱ ሉኪሚያ በተባለ የደም ካንሰር ታማበት፥ የሚስማማ መቅኔ የሚለግሳት ሰው ይፈልግ ነበር። ለጥቁር በሽተኛ የሚስማማ መቅኔ በብዛት የሚገኘው ከጥቁር ሰው ነው፤ በመዝገብ ላይ ያሉት ጥቁር ለጋሾች ደግሞ ጥቂቶች ነበሩ። ስለዚህ የኔሊ በጎ አድራጎት ድርጅት በስፔልማን ለጋሾችን ለመመዝገብ ቀጠሮ ያዘ።

በዚያው ሰሞን ግን «ቲፕ ድሪል» የተባለው የኔሊ የዘፈን ፊልም በቴሌቪዥን ሌሊት ሌሊት ይታይ ነበር። በፊልሙ ራቁታቸውን ሊሆኑ ጥቂት የቀራቸው ሴቶች እንደ ዕቃ ይቀርባሉ፤ በአንዲቱም ገላ ላይ፥ በሱቅ መክፈያ መሣሪያ ላይ እንደሚደረገው፥ የክፍያ ካርድ ይጫርበታል። የስፔልማን ተማሪዎች ምዝገባውን አልከለከሉም፤ ነገር ግን ኔሊ ስለዚህ ፊልም በፊታቸው ቀርቦ እንዲነጋገር ጠየቁ። የጥያቄያቸው ፍሬ ነገር ይህ ነበር፤ የእኅቱን ሕይወት ለማዳን የጥቁር ሴቶችን መቅኔ የሚለምን ሰው፥ የጥቁር ሴቶችን ገላ ስለምን ያዋርዳል? ድርጅቱ መልስ ከመስጠት ይልቅ ዝግጅቱን ሰረዘ። እኅቱም በማርች 2005 አረፈች። ኔሊ ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳ ስለዚህ ሲጠየቅ በምሬትና በቁጣ ተናግሯል።

በዚህ ነገር ላይ ቸኩሎ መፍረድ አይገባም። የወንድሙ ሐዘን እውነተኛ ነው፤ የልጃገረዶቹም ጥያቄ እውነተኛ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ለእኅቱ ሲል የሚለምነውና በፊልሙ ውስጥ ካርድ የሚጭረው አንድ ሰው ነው። ወንድነት እናትንና እኅትን አክብሮ የሌላውን ሰው እናትና እኅት በመናቅ የሚቆም ከሆነ፥ አንድ ቀን ሁለቱ በአንድ ደጃፍ መገናኘታቸው አይቀርም። በስፔልማን ደጃፍ ተገናኙ። የጥቁር ሴቶች መጽሔት የሆነው ኤሴንስ በጃንዋሪ 2005 ስለ ሴቶች ክብር በሙዚቃ ውስጥ ሰፊ ዘመቻ የጀመረው ይህ ከሆነ በኋላ ነው።

ወንድ ወንድን ሲጠይቅ

ባይረን ኸርት በኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች የነበረ፥ ሂፕ ሆፕንም እየወደደ ያደገ ሰው ነው። በኋላ ወንዶች በሴቶች ላይ ስለሚያደርሱት ጥቃት ሲያስተምር ቆይቶ፥ በ2006 የሂፕ ሆፕን ወንድነት የሚመረምር ዘጋቢ ፊልም ሠራ። በፊልሙ አንድ ቦታ ላይ ዕድል የሚፈልጉ ወጣት ገጣሚዎች በካሜራው ፊት እየተሽቀዳደሙ ስለ መግደልና ስለ ጠመንጃ ይደረድራሉ። ስለምን እንዲህ ብቻ እንደሚሉ ሲጠየቁ፥ ስለ ደግ ነገር ብንገጥም ኩባንያዎቹ ውል አይሰጡንም የሚል መልስ ይመጣል። ጭምብሉን የሚሸጠው ልጅ ጭምብል መሆኑን ያውቃል፤ የማያውቀው ገዢው ነው።

ከዚያ ወዲህ ለውጥ አልታየም ማለት አይቻልም። ጄይ ዚ በ2017 ባወጣው አልበም ባለቤቱን ስለ በደላት በአደባባይ ተጸጸተ፤ ከሃያ ዓመት በፊት ለዚህ ዓይነት ቃል በራፕ ውስጥ ቦታ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። ካርዲ ቢ በ2019 ከ1996 ጀምሮ የሚሰጠውን የምርጥ ራፕ አልበም ግራሚ ለብቻዋ የተሸለመች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

ሆኖም መንገዱ ገና ነው። ሜገን ዚ ስታሊየን የተባለችው ራፐር በጁላይ 2020 እግሯን በጥይት ተመታች፤ ተመታሁ ስትል ብዙዎች ቀለዱባት፥ ዋሽታለችም አሏት። በዲሴምበር 2022 ሸንጎው ቶሪ ሌንዝ የተባለውን ዘፋኝ ጥፋተኛ ብሎት፥ በ2023 የ10 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ሾን ኮምስ የተባለው ዝነኛ ባለ ሸክላ ኩባንያም የቀድሞ ወዳጁ በ2023 ከከሰሰችው በኋላ ሌላ ምርመራ ተከትሎ፥ በ2025 ከከባዶቹ ክሶች ነጻ ቢባልም ሰዎችን ለዝሙት ሥራ በማጓጓዝ ጥፋተኛ ሆኖ 50 ወር ተፈረደበት።

ለአድማጭ የሚቀረው

እንግዲህ «ሂፕ ሆፕ ሴትን ያዋርዳል» ብሎ ሁሉንም በአንድ ላይ መኰነን የሲንዲ ካምቤልንና የሮክሳን ሻንቴን፥ የክዊን ላቲፋንና የስፔልማንን ተማሪዎች ሥራ መርሳት ነው። «ጨዋታ ነው» ብሎ ማለፍም የዲ ባርንስን ጉዳትና የሁለቱን ወጣቶች መቃብር መርሳት ነው። ትክክለኛው ፍርድ በሁለቱ መካከል ይገኛል። ይህ ሙዚቃ የተነሣው ወጣቶች ደም መመለስን ትተው በቃልና በዳንስ ሊወዳደሩ ከቻሉበት ሠፈር ነው፤ የወደቀውም ያንኑ ጠብ መልሶ በገንዘብ የሚገዛው ባገኘ ጊዜ ነው።

ዛሬ በአማርኛም ራፕ የሚደረድሩ ወጣቶች አሉ፤ አድማጮቻቸውም በኮሌጅና በመሥሪያ ቤት ያሉ እንደ አንባቢዎቻችን ያሉ ሰዎች ናቸው። ለእነርሱ ከባሕር ማዶ ታሪክ የሚተርፈው ትምህርት ከአባቶቻችን ፉከራ የራቀ አይደለም። አንድ ሰው ወንድነቱን ሲፎክር ስንሰማ ለመጨፈር ከመነሣታችን በፊት ሁለት ነገር እንጠይቅ፤ ይህን ሥራ በእርግጥ ሠርቶታል ወይ? ሠርቶትስ ከሆነ፥ ያለቀሰው ማን ነው?